ኮምፒውተር ላይ ንዝረቱን ያጣ ጆይስቲክ፦ ለየትኛው ችግር የትኛው መፍትሔ?

ኮምፒውተሩ ጆይስቲኩን አውቆታል፤ ቁልፎቹ ይታዘዛሉ፣ ስቲኮቹም ልክ ናቸው። ነገር ግን መኪናው ግድግዳ ሲመታ ወይም ኳሷ ቋሚውን ስትገጭ እጅ ላይ ምንም አይሰማም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ቁልፎቹ ከሠሩ ግንኙነቱ ደህና ነው፤ የተበላሸው ሞተሩ ነው» ብሎ ይደመድማል። በዚህ ድምዳሜ ምክንያት ምንም ያልሆነ ጆይስቲክ ተጥሎ አዲስ ይገዛል።

ቁልፍ ስንጫን መልእክቱ የሚሄደው ከጆይስቲኩ ወደ ጌሙ ነው። ንዝረት ግን በተቃራኒው ከጌሙ ወደ ጆይስቲኩ የሚመጣ ትእዛዝ ነው። አንዱ አቅጣጫ ክፍት መሆኑ ሌላው ክፍት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ትእዛዙ እጃችን ጋ እስኪደርስ የጌሙን ሴቲንግ፣ ጌሙን ከጆይስቲኩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ገመዱን ወይም ብሉቱዙን፣ የጆይስቲኩን ቦርድ፣ በመጨረሻም ሞተሮቹን ያልፋል። ስለዚህ ስቲም (የጌም መግዣና ማጫወቻው ፕሮግራም) ይሻላል ወይስ ዲኤስ4ዊንዶውስ (የሶኒ ጆይስቲክን ከጌሞች ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም)፣ ገመድ ወይስ ብሉቱዝ፣ ጥገና ወይስ አዲስ ከማለታችን በፊት ትእዛዙ የቱ ጋ እንደቀረ እንወቅ። ከዚያ በኋላ ምርጫው ቀላል ነው። ከታች የምጽፈው በዋናነት ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ነው።

ጆይስቲኩ ሞተር አለው?

ጥያቄው ሊገርም ይችላል፤ ግን መልሱ ሁልጊዜ አዎ አይደለም። የሎጂቴክ ኤፍ310 በብዙ ኮምፒውተር ተጫዋች እጅ የሚገኝ ጠንካራ ጆይስቲክ ነው፤ የንዝረት ሞተር ግን ከፋብሪካው ጀምሮ የለውም። ወንድሙ ኤፍ710 አለው፤ እሱ ደግሞ ፊቱ ላይ ንዝረትን የሚያጠፋና የሚያበራ ቁልፍ ስላለው ሳይታወቅ ተነክቶ ሊጠፋ ይችላል። ከፕሌይስቴሽን 3 ጋር በ2006 የወጣው ሲክስአክሲስም ንዝረት የለውም። በዚያን ጊዜ ሶኒ ኢመርሽን ከተባለው ኩባንያ ጋር በንዝረት ፓተንት ይካሰስ ነበር፤ በ2007 ከታረቁ በኋላ ዱዋልሾክ 3 መጣ። ሁለቱ መልካቸው አንድ ዓይነት በመሆኑ ያገለገለ የሚገዛ ሰው ይሳሳታል። ልዩነቱን የሚነግራችሁ ጠርዙ ላይ የተጻፈው ስም ነው፤ ሲክስአክሲሱን በእጅ ስትይዙትም ቅልል ይላል። እነዚህን ከያዛችሁ የምትፈልጉት ሴቲንግ የለም።

ጥፋቱን በሁለት ፈተና መለየት

የመጀመሪያው ፈተና ከጌሙ ውጭ ነው። በክሮም ወይም በኤጅ ብራውዘር ጆይስቲክ የሚፈትኑ ገጾች አሉ። ጆይስቲኩን ሰክታችሁ ገጹን ክፈቱና አንድ ቁልፍ ተጫኑ፤ ከዚያ የንዝረት መሞከሪያውን ንኩ። ስቲም ካላችሁ በውስጡ ያለው የጆይስቲክ መፈተሻም ያገለግላል። ዊንዶውስ ራሱ ያለው የቆየ የጌም ኮንትሮለር ፕሮፐርቲስ መስኮት ግን ለኤክስቦክስ ጆይስቲክ ቁልፎችንና ስቲኮችን ብቻ ስለሚያሳይ፣ «እዚያ ላይ ንዝረት አላገኘሁም» ማለት ምንም አያረጋግጥም።

በብራውዘሩ ከነዘረ ሞተሩም ቦርዱም ገመዱም ደህና ናቸው፤ ካቻቢታችሁን መልሱት። ችግሩ ጌሙ ውስጥ ወይም በመካከል ባለው ፕሮግራም ነው። ካልነዘረ ደግሞ ሁለተኛውን ፈተና አድርጉ፤ ሌላ ገመድ፣ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ ከተቻለም ሌላ ኮምፒውተር። በሁለት ኮምፒውተር ላይ በደህና ገመድ ዝም ካለ፣ ከታች የማነሳቸው የድራይቨር ችግር ያለባቸው ርካሽ ጆይስቲኮች ካልሆኑ በቀር፣ ያን ጊዜ ሞተሩን መጠርጠር ተገቢ ነው።

አንድ ምልክት ከሁሉም በላይ ይረዳል። ባህላዊዎቹ ጆይስቲኮች ሁለት ሞተር አላቸው፤ በግራ እጀታ ያለው ከባድ ክብደት የተገጠመለትና ዝግ ያለ፣ ጎርነን ያለ ንዝረት የሚሰጥ፣ በቀኝ ያለው ደግሞ ቀለል ያለና ፈጣን። በፈተናው ላይ አንዱ እየሠራ አንዱ ከሞተ ጥፋቱ ሽቦ ወይም ሞተር ነው፤ ምክንያቱም ትእዛዙ ለሁለቱም የሚመጣው አብሮ ነው። ሁለቱም በአንዴ ዝም ካሉ ግን ሁለት ሞተር በአንድ ቀን መሞቱ ብርቅ ስለሆነ መጀመሪያ መንገዱን ፈትሹ።

በብራውዘር የሚሠራና በጌሙ የማይሠራ ከሆነ በመጀመሪያ የጌሙን ሴቲንግ እዩ። ንዝረት በነባሪ ጠፍቶ የሚመጣባቸው ጌሞች አሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ማውሱ በትንሹ ከተነካ «አሁን በማውስ ነው የሚጫወተው» ብለው ንዝረቱን ያቆማሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ያለ ስሱ ማውስ ይህን ያደርጋል። ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ የማይጠረጠር ነው። ኤክስኢንፑት የተባለው የማይክሮሶፍት መንገድ ለአራት ጆይስቲክ አራት ቦታ አለው፤ ጌሙ ንዝረቱን የሚልከው አንደኛ ተጫዋች ብሎ ለያዘው ቦታ ነው። አንድ ፕሮግራም የፈጠረው ምናባዊ ጆይስቲክ ያንን ቦታ ከያዘ፣ ቁልፎቻችሁ እየሠሩ ንዝረቱ ግን ማንም ወዳልያዘው ጆይስቲክ ይሄዳል።

ያለ ፕሮግራም፣ በስቲም ወይስ በዲኤስ4ዊንዶውስ?

አብዛኛው ጉዳይ የሚወሰነው እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። የዊንዶውስ ጌሞች ከጆይስቲክ ጋር የሚነጋገሩባቸው ሁለት የቆዩ ቋንቋዎች አሉ። ዳይሬክትኢንፑት የድሮው ነው፤ ንዝረትን በረቀቀ መንገድ ማዘዝ ይችላል፤ ግን ጆይስቲኩን የሠራው ድርጅት ለንዝረት የሚሆን ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ማቅረብ አለበት። ኤክስኢንፑት በ2005 ከኤክስቦክስ 360 ጋር መጣ። የንዝረት ትእዛዙ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ አንዱ ለግራው አንዱ ለቀኙ ሞተር፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 65535። ይህ ቀላልነቱ አሸናፊ አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ የኮምፒውተር ጌሞች ንዝረትን የሚልኩት በዚህ ነው።

የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ይህን ቋንቋ ስለሚያውቅ አስተርጓሚ አይፈልግም። የሶኒው ዱዋልሾክ 4፣ የኔንቴንዶ ስዊች ፕሮ እና በርካሽ የሚሸጡት ግን አያውቁትም፤ ስለዚህ በመካከል አስተርጓሚ ይቆማል። አብዛኛው የንዝረት ችግር የሚመጣው አስተርጓሚ ከማጣት ሳይሆን ሁለት አስተርጓሚ በአንድ ጊዜ ከመቆሙ ነው። ስቲም ይተረጉማል፣ ዲኤስ4ዊንዶውስም ይተረጉማል፤ ጌሙ ሁለት ወይም ሦስት ጆይስቲክ ያያል፤ አንድ ቁልፍ ሁለቴ ይመዘገባል፣ ንዝረቱም ይጠፋል። እኔ አጥብቄ የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር በጌሙና በጆይስቲኩ መካከል ከአንድ በላይ አስተርጓሚ አታቁሙ የሚለው ነው።

*ያለ ምንም ፕሮግራም።* የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ለያዘ ሰው ምርጡ ይህ ነው። ስቲም ላይ የጌሙን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ በኮንትሮለር ክፍል ስቲም ኢንፑትን፣ ማለትም የስቲምን አስተርጓሚ፣ አጥፉት። ይህ በተለይ በኤክስቦክስ ዋን እና ከዚያ በኋላ በመጡት ላይ ጥቅም አለው፤ እነዚህ ከሁለቱ የእጀታ ሞተሮች ሌላ በመተኮሻ ቁልፎቹ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ሞተሮች አሏቸው። ኤክስኢንፑት የሚሸከመው ሁለት ቁጥር ብቻ ስለሆነ የመተኮሻዎቹን ሞተሮች ማዘዝ አይችልም። እንደ ፎርዛ ሆራይዘን 5 ያሉ ጌሞች በአዲሱ የማይክሮሶፍት መንገድ ስለሚያዝዟቸው ፍሬን ስትይዙ መተኮሻው ሲንዘፈዘፍ ይሰማችኋል። «በኤክስቦክሱ ላይ መተኮሻው ይነዝር ነበር፣ ኮምፒውተር ላይ ግን በአንዳንድ ጌም የለም» የሚል ሰው ጆይስቲኩ አልተበላሸበትም፤ ጌሙ በድሮው መንገድ እየተናገረ ነው።

*ስቲም ኢንፑት።* ለዱዋልሾክ 4፣ ለዱዋልሴንስ (የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ) እና ለስዊች ፕሮ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ሌላ የሚጫን ነገር የለም፤ በስቲም ኮንትሮለር ሴቲንግ ለፕሌይስቴሽን ወይም ለስዊች የሚለውን ማብራት ይበቃል። በየጌሙ ማብራትና ማጥፋት መቻሉ ትልቁ ጥቅሙ ነው፤ ጌሙ ራሱ ዱዋልሴንስን የሚያውቅ ከሆነ ለዚያ ጌም ብቻ ታጠፉታላችሁ። ከሌላ ቦታ ያገኛችሁትን ጌምም «ስቲም ያልሆነ ጌም ጨምር» በሚለው አስገብታችሁ በዚያው መጫወት ትችላላችሁ። ድክመቱ ደግሞ ስቲም ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት፤ ከማይክሮሶፍት ስቶር የወረዱ ጌሞች ጋርም ብዙ አይግባባም። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በብሉቱዝ የተገናኘ የሶኒ ጆይስቲክ በስቲም ከተጠቀማችሁበት በኋላ ሌላ ጌም አላውቀውም ቢላችሁ፣ ጆይስቲኩን አጥፍታችሁ አብሩት። ስቲም ንዝረት ለመላክ ጆይስቲኩን ወደተስፋፋው የመልእክት ዓይነት ስለሚቀይረው ድሮዎቹ ጌሞች እስኪጠፋ ድረስ አይረዱትም።

*ዲኤስ4ዊንዶውስ።* ከስቲም ውጭ ብዙ ለሚጫወት፣ በተለይ የማይክሮሶፍት ስቶር ጌሞች ለሚወድ ሰው የተሻለ ነው። ምናባዊ የኤክስቦክስ 360 ጆይስቲክ ይፈጥርና ጌሙ የላከለትን ንዝረት ወደ እውነተኛው ያሻግራል። በእያንዳንዱ ፕሮፋይል የንዝረቱን መጠን በመቶኛ መወሰን ይቻላል፤ 0 ላይ የተቀመጠ ፕሮፋይል ሰዎችን ብዙ ጊዜ ሲያለፋ አይቻለሁ። ይህ ፕሮግራም የሚሠራው ቪጂኢኤም ባስ በሚባል ድራይቨር ላይ ነው፤ የድራይቨሩ ሥራ በ2023 በባለቤቶቹ ቆሟል፤ አሁንም ይሠራል፣ ግን አዲስ ማሻሻያ አትጠብቁ። እውነተኛው ጆይስቲክ ለጌሙ እንዳይታይ ሂድሃይድ የተባለውን ፕሮግራም አብራችሁ ጫኑ፤ ያለሱ ጌሙ ሁለቱንም ያያል። ስቲም ውስጥ ደግሞ የፕሌይስቴሽን ድጋፉን አጥፉ።

*ኤክስ360ሲኢ።* የመጨረሻ አማራጭ አድርጌ ነው የማየው። የዳይሬክትኢንፑት ጆይስቲክን ኤክስቦክስ ያስመስላል፤ ቁልፍ ለማስተካከል ጥሩ ነው። ንዝረትን ግን የሚያሻግረው የጆይስቲኩ ድራይቨር ንዝረት የሚችል ከሆነ ብቻ ነው። በየሱቁ በፕሌይስቴሽን 2 ቅርጽ የሚሸጡት ባለ ገመድ ጆይስቲኮች ሞተር እያላቸው ዝም የሚሉት ለዚህ ነው፤ ዊንዶውስ በራሱ አጠቃላይ ድራይቨር ይቀበላቸዋል፣ ያ ድራይቨር ደግሞ ስለ ሞተር አያውቅም። ከጆይስቲኩ ጋር የሚመጣውን የድራይቨር ዲስክ ካልጣላችሁት ጫኑት፤ ከዚያ የዊንዶውሱ ፕሮፐርቲስ መስኮት ላይ የንዝረት መሞከሪያ ሊጨመር ይችላል። ካልተጨመረ ብዙ ጊዜ አታባክኑበት። ድራይቨሩን ከማይታወቅ ገጽ ማውረድም አልመክርም፤ በዚህ ስም ቫይረስ የሚያሰራጩ ብዙ ናቸው።

ከኤክስ360ሲኢ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። ሁለቱንም ቋንቋ የሚችሉ ጆይስቲኮች አሉ። ኤፍ710 መቀያየሪያ አለው፤ በኤክስ ላይ ከሆነ ኤክስኢንፑት፣ በዲ ላይ ከሆነ ዳይሬክትኢንፑት ይሆናል። ኤይትቢትዱ የተባለው ኩባንያ ብዙዎቹ ሞዴሎች ሲበሩ ስታርትን ከኤክስ ጋር በመጫን ወደ ኤክስኢንፑት ይገባሉ። በርካሾቹም ላይ ሞድ ወይም ሆም የሚለውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ይዞ መቆየት መብራቱን ሲቀይር ሊታይ ይችላል። በዚህች አንዲት ቁልፍ ምንም ሳይጫን ንዝረቱ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ገመድ፣ ብሉቱዝ ወይስ አዳፕተር?

ለንዝረት ሲባል ብቻ ከሆነ ገመድ ይሻላል። በተለይ ችግር በምትፈልጉበት ሰዓት ከገመድ ውጭ ምንም አትሞክሩ። ግን ገመዱ ራሱ ዳታ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ከአንዳንድ ስልክ ቻርጀሮችና ፓወር ባንኮች ጋር የሚመጣው ገመድ ኤሌክትሪክ ብቻ ያሳልፋል። በእሱ የሰካችሁት ዱዋልሴንስ ቻርጅ እየተደረገ በብሉቱዝ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል፤ እናንተ ግን በገመድ ላይ ያላችሁ ይመስላችኋል። ለማረጋገጥ የኮምፒውተሩን ብሉቱዝ አጥፉት፤ ጆይስቲኩ መሥራት ካቆመ ገመዱ ቻርጀር ብቻ ነው።

ጆይስቲኩ የሚጠፋው ልክ ንዝረቱ በርትቶ ሲመጣ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው። ሞተር ሲነሳ ብዙ ኃይል ይስባል፤ አንድ የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ደግሞ እስከ 500 ሚሊአምፔር ነው የሚሰጠው። የራሱ አዳፕተር የሌለው ሀብ (የዩኤስቢ ቀዳዳ ማብዣ) ላይ ማውስ፣ ኪቦርድና ሃርድ ዲስክ አብረው ከተሰኩ ለጆይስቲኩ የሚተርፈው ያንሳል። ከሀብ አውጥታችሁ በቀጥታ ከኬዙ ጀርባ ባለው ቀዳዳ ሰኩት። በድንጋይ የሚሠራ የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ከሆነም፣ ድንጋዩ ሲደክም መጀመሪያ የሚከዳው ንዝረቱ ነውና በአዲስ ድንጋይ ሳትሞክሩ አትፍረዱ።

ብሉቱዝ ላይ የሶኒ ጆይስቲኮች አንድ ልዩ ነገር አላቸው። በብሉቱዝ የሚላክላቸው ትእዛዝ በዩኤስቢ ከሚላከው የተለየ ቅርጽ አለው፤ መጨረሻው ላይም የማረጋገጫ ቁጥር ይጠይቃል። ይህን በትክክል ያላሟላ ፕሮግራም በገመድ ያነዝራል፣ በብሉቱዝ ዝም ይላል። ኮፒ የሆኑት ዱዋልሾኮች ደግሞ በተቃራኒው በኩል ይወድቃሉ፤ ፕሮግራሙ በትክክል ቢልክም እነሱ ሁሉንም ትእዛዝ አያከብሩም። ንዝረቱ እየተቆራረጠ ወይም እየዘገየ የሚመጣ ከሆነ የብሉቱዝ ዶንግላችሁን ከዩኤስቢ 3 ፍላሽና ሃርድ ዲስክ አርቁት፤ ዩኤስቢ 3 በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ረብሻ ይፈጥራል፤ ብሉቱዝም የሚሠራው በዚያው ነው። አጭር ማራዘሚያ ገመድ ችግሩን ይፈታል።

የኤክስቦክስ ዋየርለስ አዳፕተር ከሁለቱ ገመድ አልባ መንገዶች የተሻለው ነው። እስከ 8 ጆይስቲክ ይይዛል፣ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያውም በእሱ ይሠራል፤ በብሉቱዝ ግን አይሠራም። ለብቻው መግዛት ስለሚያስፈልግ፣ ሳሎን ውስጥ ከሶፋ ሆናችሁ ከጓደኛ ጋር ካልተጫወታችሁ በቀር ለንዝረት ብሎ ገንዘብ ማውጣቱ አያስፈልግም።

ፈርምዌርም (ጆይስቲኩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም) በገመድ ጊዜ ይታይ። ለኤክስቦክስ፣ የኤክስቦክስ አክሰሰሪስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አለ። በኢሊት ሞዴሎች ላይ የንዝረቱ መጠን በፕሮፋይል ተይዞ ጆይስቲኩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ያገለገለ ኢሊት ገዝታችሁ ዝም ካለ የቀድሞው ባለቤት ዝቅ አድርጎት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እዚያ ተመልከቱ። ለዱዋልሴንስም ሶኒ የራሱ የዊንዶውስ ማዘመኛ አለው።

ዱዋልሴንስ ለብቻው መታየት አለበት

በ2020 የመጣው ዱዋልሴንስ ክብደት የሚያሽከረክር ሞተር የለውም። በምትኩ እንደ ስፒከር የሚንቀሳቀሱ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ የዝናብን ጠብታ ከጠጠር መንገድ ለይተው የሚያስታውቁት እነሱ ናቸው። ዊንዶውስ በዩኤስቢ ሲያየው ጆይስቲክ ብቻ ሳይሆን ባለ አራት ቻናል የድምፅ መሣሪያም አድርጎ ነው፤ ሁለቱ ቻናሎች ለስፒከርና ለጆሮ ማዳመጫ፣ ሁለቱ ለንዝረቱ።

ብዙ ሰው ሳያውቅ ንዝረቱን የሚገድለው እዚህ ነው። ጆይስቲኩን ሲሰካ የኮምፒውተሩ ድምፅ በድንገት ወደ ጆይስቲኩ ይዞራል፤ ይናደድና የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የጆይስቲኩን የድምፅ መሣሪያ ያሰናክለዋል። ያን ጊዜ ረቂቁ ንዝረትም አብሮ ይሄዳል። ማድረግ ያለባችሁ ማሰናከል ሳይሆን የድሮውን ስፒከር ነባሪ አድርጎ መምረጥ ነው፤ የጆይስቲኩ መሣሪያ እንደበራ ይቆይ።

በአብዛኞቹ ጌሞች ረቂቁ ንዝረት በኮምፒውተር የሚገኘው በገመድ ብቻ ነው። በ2022 ለኮምፒውተር የወጣው ስፓይደርማን ሪማስተርድ ምሳሌ ነው፤ በገመድ ሙሉ ስሜቱን ይሰጣል። በብሉቱዝ የምታገኙት ተራውን የሁለት ሞተር ንዝረት ያስመሰለ ነው። ጌሙ ዱዋልሴንስን በራሱ የሚያውቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ስቲም ኢንፑትን ለዚያ ጌም ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጌሙ የሚያየው ኤክስቦክስ ስለሆነ ሁለት ቁጥር ብቻ ይልካል። ዲኤስ4ዊንዶውስም በዚያው ምክንያት መዘጋት አለበት። ዱዋልሴንስ ገዝቶ በብሉቱዝና በአስተርጓሚ ብቻ መጫወት፣ የተከፈለበትን ነገር ግማሹን ሳያዩት መቅረት ነው።

ስዊች ፕሮ ተመሳሳይ ጉዳይ አለው፤ የእሱም ሞተሮች የተለዩ ናቸው፤ በኮምፒውተር የሚሰማው ንዝረት ቀጠን ያለ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም።

ሊኑክስ ላይ ላላችሁ ደግሞ ነገሩ ከምታስቡት በላይ ቀላል ነው። ለዱዋልሴንስ ከርነል (የሊኑክስ ዋና አካል) 5.12፣ ለስዊች ፕሮ 5.16 ጀምሮ ድጋፉ በውስጡ አለ፤ ኤክስቦክስን በገመድ ኤክስፓድ የተባለው ድራይቨር ይይዘዋል፣ በብሉቱዝ ኤክስፓድኒዮ የተባለውን ድራይቨር መጨመር ጥሩ ነው። ኤፍኤፍቴስት የምትባለው ትንሽ የትእዛዝ መሣሪያ ሞተሮቹን ያለ ጌም ትፈትናለች።

ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ከላይ ያለው ሁሉ ተሞክሮ አንዱ ሞተር ብቻ ከሞተ፣ ጥገናው በአብዛኛው ያዋጣል። ሞተሩ ቀላል ነገር ነው፤ ዘንጉ ላይ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ብረት የተገጠመለት ትንሽ የዲሲ ሞተር። የሚበላሸው በጥቂት መንገድ ነው፦ ሽቦው ከብየዳው ይነቀላል፣ ብረቱ ከዘንጉ ይወጣል፣ ፀጉርና አቧራ ያንቀዋል፣ ወይም ካርቦኑ ያልቃል። ጆይስቲኩን ስትነቀንቁት ውስጡ ኳ ኳ የሚል ነገር ካለ ብረቱ ወጥቶ ወይም ሞተሩ ከቦታው ለቆ ሊሆን ይችላል።

ዱዋልሾክ 4 ከጀርባው አራት ባለ መስቀል ብሎን ብቻ ስላለው ለመክፈት ይቀላል፤ ከተከፈተ በኋላ የባትሪውን ሶኬት መንቀል አትርሱ። ኤክስቦክስ ዋን ትንሽ ያስቸግራል፤ መሃሉ ላይ ቀዳዳ ያለው ቶርክስ ቲ8 ካቻቢት ይፈልጋል፣ የእጀታዎቹ ሽፋን በጥንቃቄ ይነሳል፣ አንዱ ብሎን ደግሞ ባትሪ ቤት ውስጥ ከተለጠፈው ወረቀት ስር ተደብቋል። ይህን ያላወቀ ሰው በጉልበት ሲከፍት ፕላስቲኩን ይሰብራል።

ሞተሩን ለመፈተን አንዱን ሽቦ ከቦርዱ በካውያ አላቅቁና በአንድ 1.5 ቮልት ድንጋይ ሁለቱን ሽቦዎች ንኩ። ከዞረ ሞተሩ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ብየዳው ወይም ቦርዱ ነው። ካልዞረ ከሌላ የተሰበረ ተመሳሳይ ሞዴል ሞተር አውጥቶ መግጠም ይቻላል። የግራውና የቀኙ ክብደት ስለሚለያይ የግራውን በግራ፣ የቀኙን በቀኝ። ካውያ ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ ሞባይል የሚጠግን ሰው ሥራውን በቀላሉ ይሠራዋል፤ ስትሰጡት ግን «አይሠራም» ብቻ ሳይሆን የትኛው ወገን እንደሞተ ንገሩት።

ቦርዱ ላይ ያለው ሞተሩን የሚነዳው ክፍል ከተቃጠለ፣ ወይም ጆይስቲኩ ስቲኩም የሚንሸራተት ኮፒ ከሆነ፣ ጥገናው ላይ ገንዘብ አታውጡ።

አዲስ ከገዛችሁ

ለኮምፒውተር ብቻ፣ ያለ ጣጣ ንዝረት የሚፈልግ ሰው ኦርጅናል ኤክስቦክስ ይግዛ፤ ያገለገለም ቢሆን። ዱዋልሴንስ የሚገባው የሶኒን ጌሞች በገመድ ለሚጫወት ነው። በጀቱ ከሁለቱም በታች ከሆነ፣ ካርቶኑ ላይ ኤክስኢንፑት ወይም የኤክስቦክስ ሞድ እንዳለው የሚገልጽና ንዝረትን በስም የሚጠቅስ የሌላ ድርጅት ጆይስቲክ፣ ከኮፒ ዱዋልሾክ መቶ እጅ ይሻላል። ዱዋልሾክ መስሎ የተሠራውን ኮፒ ለኮምፒውተር አትግዙ፤ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ የሚሠራ መሆኑ ኮምፒውተር ላይ ለመሥራቱ ዋስትና አይደለም።

መርካቶም ሆነ መገናኛ ስትገዙ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱና ከመክፈላችሁ በፊት በብራውዘር ሁለቱንም ሞተር ለየብቻ አስነሱ፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ደህና ዕቃ ያለው ነጋዴም አይከለክላችሁም። ከውጭ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ «ኤክስቦክስ ጆይስቲክ» ብላችሁ አትተዉት፣ የሞዴል ቁጥሩን ንገሩት። ባትሪ ቤት ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ 1708 ወይም 1914 ካለ ብሉቱዝ አለው፤ 1537 ወይም 1697 ካለ ግን ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው በገመድ ወይም በአዳፕተሩ ብቻ ነው።